ለሳቅ የሚተወው ቦታ

ድንቡሼን የማውቀው ከወገቡ ጀምሮ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከቲያትር ቤቱ መድረክ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሱሪ ስላችሁ ደግሞ የሰው ሱሪ እንዳይመስላችሁ፤ ወገቡ ላይ የላላ ላስቲክ ያለው፣ ሆዱን ሳብ ሲያደርግ በራሱ ቁልቁል የሚወርድ ሱሪ ነው። ሱሪው ሲወርድ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እንዲወልቅ ብላ ልብስ የምትሰፋ ሴት እኔን ብቻ ነው የማውቀው፤ እኮራበታለሁም።

አምና አንድ ወጣት ዳይሬክተር መጥቶ ለፊልም መረጠው። ያውም ልጁ የሚሞትበት አባት ሆኖ እንዲጫወት! ቲያትር ቤቱ ጉድ አለ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ የዞረው መጋረጃ ሳቢው ነው። ልክ ልኩን ነገርኩት። «አንተ መጋረጃህን ሳብ! እሱ ይችለዋል» አልኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርኩም።

ድንቡሼም መቻሉን አልተጠራጠረም። ያሳሰበው ሌላ ነው። ለፊልሙ ኮት ልሰፋለት ስለካው፣ ክንዱን ዘርግቶ እንደቆመ፣ «እትዬ፣ መጫወቱንስ እጫወተዋለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ የሚያምነኝ ሰው አለ?» አለኝ።

ሜትሬን ትከሻው ላይ ዘረጋሁ። ለምን እንዳለው አውቃለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት እናቱ ያረፉ ዕለት በጠዋት ደወለልኝና «እትዬ፣ እናቴ ሞተች» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ! «ደግሞ ዛሬ ምን አመጣህ አንተ!» ብዬ ከት ብዬ ሳቅሁ። ትንሽ ቆየና «እውነቴን ነው» አለኝ። ለካ ከእኔ በፊት የደወለላቸው ሁለት ሰዎችም ስቀዋል። ቀብር ሄድኩ፣ አለቀስኩ፤ ስለዚያ ሳቅ ግን እኔም አላነሳሁ፣ እሱም አላነሳብኝ። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ቀረጻው አንድ ያረጀ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። አባትየው ልጁን ከሐኪም ቤት ሊያወጣ የልጁን ጫማ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ነርሷ በመስኮት ብቅ ብላ ልጁ ማረፉን ትነግረዋለች። እሱ የሰማ አይመስልም፤ «ጫማውን አምጥቼለታለሁ» ይላታል። «እርጥብ ነበር፣ አድርቄዋለሁ።» በቃ ይኸው ነው።

ድንቡሼ «ጫማውን አምጥቼለታለሁ» አለና ቆመ። አፉን ገጥሞ፣ ቅንድቡን ብድግ አድርጎ ቆመ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳቁ አመለጠው።

«ካት! ጋሼ፣ ለምንድነው የሚቆሙት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ቆምኩ እንዴ?»

ደገሙት፣ ቆመ። ሠለሱት፣ ቆመ። ሳይቆም እንዲናገር ሲያስገድደው ደግሞ ቃሉ እርስ በርሱ ተደናቀፈ። ላቡ የሰፋሁለትን ኮት አራሰው። ዳይሬክተሩ ዞሮ «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። እማማ ያለኝን ለጊዜው አለፍኩለት።

«ለሳቅ ቦታ እየተወ ነው» አልኩት። «ሰው እየሳቀ ከተናገርክ ቀጣዩ ቃል አይሰማም። ስለዚህ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጥሮ ነው የሚቀጥለው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ የሠራን ሰው በአንድ ጠዋት አታስተወውም!»

ከዚያ ድንቡሼን ወደ ኮሪደሩ ጎትቼ ወሰድኩትና፣ ኮቱን የማስተካክል መስዬ፣ ስድስት ዓመት ያፈንኩትን አወጣሁት።

«እናትህ ያረፉ ቀን ደውለህልኝ ሳቅሁብህ።»

መሬት መሬት አየ። «ተይው፣ እትዬ።»

«አልተወውም! እኔ ስስቅ አንተ ዝም ብለህ ቆይተህ ነበር። ምን ነበር የምትጠብቀው?»

«‹እኔን!› እንድትይኝ» አለ።

ኮሌታውን አቃናሁለት። «እንግዲያው መቁጠርህን አትተው» አልኩት። «ሳቁን ሳይሆን ያንን ‹እኔን!› ጠብቅ።»

ተመልሶ ገባ። «ጫማውን አምጥቼለታለሁ» አለ። ቆመ፤ ቅንድቡ ግን አልተነሳም። ነርሷን ብቻ ያያታል። ዳይሬክተሩ ካት ማለቱን ረሳው።

ፊልሙ የተመረቀው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሁለታችን መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። የፈራነው አልቀረም፤ ድንቡሼ ስክሪኑ ላይ ገና በር ከፍቶ ሲገባ፣ ምንም ሳይል፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አጠገቤ ሆኖ የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ያዘ።

«ይሳቁ፣ ይውጣላቸው» አልኩት። «ሱሪህ እንደሆነ አይወርድ፤ ቀበቶውን እኔ ነኝ ያጠበቅሁት።»

ስክሪኑ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ብቅ ሲል የሳቁት ጥቂት ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ፌስታሉን ይዞ ሲሄድ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ሳቀ። ነርሷ ብቅ አለች፣ ነገረችው።

«ጫማውን አምጥቼለታለሁ።»

አጠገቤ ሆኖ ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። አንድ። ሁለት። አዳራሹ ጭጭ አለ። ሦስት ሳይል አንዲት ሴት «እኔን!» ብላ ጮኸች። ማን ናት ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ለካ የጮህኩት እኔው ነኝ፤ እንባዬ አንገቴ ድረስ ወርዷል።

ድንቡሼ እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። «እትዬ» አለኝ በሹክሹክታ፣ እሱም እያለቀሰ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ የት ቆየሽ?»

ሳቃችን አመለጠን። ከፊታችን የተቀመጡት ዞር ብለው ገላመጡን፤ አንደኛዋማ «በሰው ሐዘን ትስቃላችሁ?» ብላ ተቆጣችን።