ግራ እጁን ያወጣው ተማሪ

እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመርሁት ጅጋ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔና አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። «የሙከራ ጊዜህ ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘር ይመጣሉ። እሳቸው ካልፈረሙ ቋሚ አትሆንም» አሉኝ።

አንጋፋዎቹ መምህራን መድኃኒቱን ነገሩኝ። እንግዳ ሲመጣ ተማሪው ሁሉ እጁን ያወጣል፤ የገባው ቀኙን፣ ያልገባው ግራውን። መምህሩ ቀኝ ቀኙን እየመረጠ ይጠይቃል። ተማሪዎቼን ሦስት ቀን አለማመድኋቸው። ከሰዋስው ይልቅ ይኸን ቶሎ ያዙ።

ቀኑ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ «ዘ ካው ኢዝ ኤ ዩስፉል አኒማል» ብዬ ጻፍሁ። «ዘ» ብዙ ጊዜ የምናውቀውን አንዱን ለይቶ ያመለክታል፤ እዚህ ላይ ግን ላም የተባለችን ሁሉ ይጠቀልላል። የገበሬ ልጆች ይኸን መቀበል አቃታቸው። በየቤቱ በመልኳ ዳልቻ የምትባል ላም አለች፣ ቦራ የምትባል አለች፤ በጠቅላላው ላም የምትባል በረት ውስጥ የለችም።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ ታፈረ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጥያቄ ስጠይቅ እጁን ያላወጣ አልነበረም። ኮራሁ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ይፍቀዱልኝና ግራውን ያወጣውን ልጠይቅ» አሉ። «እኔም በጊዜዬ እንዲሁ አለማምጃለሁ።»

እንጀራዬ ሲሄድ ታየኝ።

ምንይችል የሚባለው ልጅ ተነሣ። «እዚህ የተጻፈችው ላም የትኛዋ ናት?» አሉት።

«አላውቃትም ጌታዬ። የማን እንደሆነች ቲቸር አልነገሩንም።»

ክፍሉ ሳቀ። ከዚህ ወዲያ የምደብቀው ስላልነበረኝ የትምህርት ዕቅዴን ዘጋሁት።

«ምንይችል፣ ጅጋ ገበያ ላም ልትገዛ ብትሄድ መጀመሪያ ምኗን ታያለህ?»

«ጥርሷን ነዋ! የላም ዕድሜ በጥርሷ ይታወቃል።»

«የማን ላም?»

«የማንም ትሁን! ላም የተባለች ሁሉ...» አለና ሰሌዳውን አየ። «ኧረ ቲቸር፣ ያችም እንዲህ ናት ለካ!»

ከኋላው ሁለት ሦስት ልጆች ግራቸውን አውርደው ቀኛቸውን አወጡ።

አቶ ታፈረ ፈረሙ። ከፊርማው በላይ «ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ እጆቹ ይስተካከሉ» ብለው ጽፈዋል። ደስ አለኝ፣ አፈርሁም።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ነው የማስተምረው። አዲስ መምህር ምክር ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፦ ትምህርት የሚጀመረው ካልገባው ተማሪ ነው፤ እሱን ከደበቅህ የምታስተምረው ሰው የለህም።