የምዕራፍ ሦስቷ ሴት

የመጀመሪያ መጽሐፌን ርዕሰ ጉዳይ የመረጥኩት አባቴ ጨርቅ በሚመርጥበት ዘዴ ነው። አባቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ከአባቱ የወረሰው የጨርቅ ሱቅ ነበረው። አዲስ ጣቃ ከማዘዙ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ የደንበኛን እጅ ያያል። «የሚገዙትንማ ወላሂ ሁሉም ነጋዴ ያውቀዋል» ይለኝ ነበር። እሱ የሚፈልገው ዳስሰው የሚተውትን ነው። አንዲት ሴት አንዱን ጨርቅ ዳስሳ ሄዳ፣ ዞራ መጥታ እንደገና ከዳሰሰችው፣ የከለከላት ነገር አለ ማለት ነው። ወይ ዋጋው ነው፣ ወይ ቀለሙ ደምቆባታል፣ ወይ ሰው ምን ይለኛል ብላ ነው። አባቴ ያን ነገር ፈልጎ ያገኘዋል፤ ጨርቁም ያልቃል።

እኔ ሱቁን ትቼ የአማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። ስልክ በየሰው እጅ በገባበት ሰሞን ሰዎች በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ እየጻፉ ሲሸጡ አየሁና እኔስ ምን ያንሰኛል አልኩ። ማተሚያ ቤት የለ፣ ወረቀት የለ። ገዢው የሞባይል ካርድ ፍቆ ቁጥሩን ይልክልኛል፣ እኔ መጽሐፉን እልክለታለሁ። የቀረው ምን ልጻፍ የሚለው ነበር። መጀመሪያ የጎንደርን የድሮ ነጋዴዎች ታሪክ አሰብኩ። ለባልደረቦቼ ሳወራ ሁሉም ጥሩ ነው አሉኝ፤ መቼ ይወጣል ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ተውኩት።

ከዚያ እዚያው ጎንደር ፒያሳ መሬት ላይ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አጠገብ እየቆምኩ እንደ አባቴ እጅ ማየት ጀመርኩ። ሴቶች ስለ ትዳር የተጻፉትን ያነሳሉ፣ ግራ ቀኝ ያያሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። አንዷማ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ከላይ ደርባ ሁለት ሦስት ገጽ አነበበችና ሁለቱንም ሳትገዛ ሄደች። ያኔ ገባኝ። የከለከላቸው ሽፋኑ ነው። በስልክ ከሆነ ግን ታክሲ ውስጥ ብታነቢውም መልእክት የምታዪ ነው የምትመስዪው። በራሴ በጣም ኮራሁ።

ችግሩ እኔ ስለ ትዳር ምንም አላውቅም፤ አላገባሁም። የማውቀው ጓደኛዬ የነገረችኝን ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ከጎንደር ወደ ሰሜን የምትገኘው የድብ ባሕር ከተማ ልጅ ናት፣ ሒሳብ አስተማሪ። ሰባት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ደብተር አርመናል። ባሏ መተማ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ሁለታችንም ክፍል በሌለን ሰዓት፣ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች፣ «ከመንገድ ሲመጣ ልብሱን ከቦርሳው አያወጣም» አለችኝ። «ቁም ሳጥኑን ግማሽ ለቅቄለት፣ ጠዋት ጠዋት ቦርሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ሸሚዝ ይፈልጋል። ዓመት ሞላው።» መተማ ሌላ ሴት እንዳለችውም ነገረችኝ። ይህን ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። ቆርጣለች፤ ድብ ባሕር እናቷ ዘንድ ለመግባት ዝውውር ጠይቃ ተፈቅዶላታል። «ሸጋ ነው፤ እናቴ ልጄን ትይዝልኛለች፣ እኔም እተነፍሳለሁ» አለች።

በዚያ ክረምት መጽሐፉን፣ የእውነተኛ ሴቶች የትዳር ታሪክ ነው ብዬ፣ ስጽፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ እሷን አስገባኋት። ባሏን ነጋዴ አደረግሁት፣ ከተማውን ባሕር ዳር አደረግሁት። ቦርሳውን ግን መለወጥ አቃተኝ፤ እንደሱ ያለ ነገር ከራሴ አውጥቼ ልጽፍ አልችልም። አላስፈቀድኳትም። ደግሞም ባሏን ጥላ ስለሄደች ሴት ለማንበብ ካርድ የሚፍቅ ሰው የለም ብዬ መጨረሻውን ከራሴ ፈጠርኩት። ሴትየዋ አልተጨቃጨቀችም፤ ሸሚዙን እየተኮሰች መልሳ ቦርሳው ውስጥ ታስቀምጥለታለች፤ አንድ ማታ ሰውየው ራሱ ልብሱን አውጥቶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀለ። ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ። ከሁሉም በላይ የማፍረው በዚያ እንባ ነው።

መጽሐፉ ተሸጠ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዷ እሷ ነበረች። በነጻ ልላክልሽ ብላት «የጓደኛዬን ሥራማ በነጻ አልወስድም» ብላ ካርድ ላከችልኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ላክሁላት፣ ከዚያ ሁለት ቀን መምህራን ክፍል ሳልገባ ዋልኩ። የመስከረም መጀመሪያ ነበር፤ ተማሪ የምንመዘግብበት ሰሞን። በሦስተኛው ቀን ቧንቧው ጋ አገኘችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ምነው ሸሸሽኝ?» አለችኝ። «አነበብሁት እኮ። እንደኔ ያለች ሴት ትኖራለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቦርሳው ሳይቀር! እኔማ ለቦርሳ የማለቅስ እብድ ነኝ እያልሁ ነበር።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ወር ታግሳ ነው የተመለሰላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያቺ ሴት አንቺ ነሽ፣ መጨረሻውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት ማለት ነበረብኝ። ያን ለማለት የትንፋሽ ያህል ጊዜ ይበቃኝ ነበር። እሷን እንዳላጣ ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ አጽናንቻለሁ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የፈራሁት መጽሐፉ ውሸት ነው ብላ ለሰው እንዳትናገር ነው።

«ስድስት ወር» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። «እስከ መጋቢት ማለት ነው» አለች።

ዝውውሩን ተወችው፤ ቦታውን ሌላ አስተማሪ ወሰደው። ያን ዓመት ባሏ መጥቶ በሄደ ቁጥር ሸሚዙን ተኩሳ እንዳስቀመጠችለት ትነግረኛለች፤ እኔ አንገቴን ደብተር ውስጥ ቀብሬ ጎሽ እላለሁ። መሸጡን በጥቅምት አቆምኩ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ መጽሐፉ ያኔ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ እየተላለፈ ነበር። የአባቴ ጨርቅ ቢሆን ከመደርደሪያ ይነሳል። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ታክሲ ውስጥ ምዕራፍ ሦስትን ስታነብ አየሁና ሳልደርስ ወረድኩ።

መጋቢት ላይ ባሏ መጣ፣ ሁለት ሌሊት አደረ፣ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። አልተመለሰም። መተማ ከሌላይቱ ጋር ቤት መያዙን የነገራት ረዳቱ ነው። የቤት ኪራዩ ለብቻዋ ስለከበዳት ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። ዕቃ በምታወጣበት ቀን ላግዛት ሄድኩ፤ የምላት ነገር ስላልነበረኝ የከበደውን ሁሉ እኔ ተሸከምኩ። ቁም ሳጥኑ በአዲሱ ክፍል በር አልገባ አለ። ደጅ ግድግዳ አስደግፈን ተወነው። በስተግራ ያለው ግማሹ እንደተለቀቀለት ባዶውን ነበር።

ልጇ ቤት ውስጥ ሲጫወት እኛ ደፉ ላይ ተቀመጥን። ላቧን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ያችን ሴት ስታገኚያት ሰላም በይልኝ» አለችኝ።

«የትኛዋን?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

«የመጽሐፍሽን ነዋ። እኔ ቸኩዬ ይሆናል፣ ወይ አንዱን ነገር ሳላደርግ ቀርቼ ይሆናል። ግን አልቀናሁባትም በያት። የአንዳችን እንኳ ትዳር ይቃና።»

ተነስቼ በነፋስ የሚንገላታውን የቁም ሳጥኑን በር ዘጋሁት።

«እሺ» አልኳት፣ «እነግራታለሁ።»