ራሱን የሚያበርድ ቤት

ልጇ አርክቴክት ነው፤ ዳገቱን ተደግፎ የሸለቆውን ነፋስ የሚቀበል ቤት ሠራላት። “ማሽን አያሻውም፤ ራሱን ያበርዳል” እያለ እንግዳ ያስጎበኛል። ዘመድ አዝማዱም “ታድለሽ” ይላታል።

ታድላ ሙታለች። ማለዳ መስኮቶቹን የሚከፍተው፣ ፀሐይ ስትዞር የምዕራቡን መዝጊያዎች የሚዘጋው ማን ሆነና? አንድ ቀን እህቷ ጋ ምሳ በልታ ብትመለስ ቤቱ ምድጃ ሆኖ ጠበቃት። ልጇም “እማዬ፣ ምን ነካሽ?” ብሎ ሳምንት አኮረፋት። ለካ ቤቱ ራሱን የሚያበርደው በእሷ እግር ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ወጥታ አታውቅም።

ዛሬም እንግዶቹ ግድግዳውን እየዳሰሱ ሲያደንቁ እህቷ ደወለች።

“መቼ ነው ብቅ የምትይው?”

“ሰማዩ ሲዳምን” አለቻት፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ መዝጊያውን እየሳበች።

በጋው ገና መግባቱ ነበር።