ከባሕር ማዶ የመጣው እግር

በቤተ መዘክሩ ምድር ቤት ከሚሠሩት ሁሉ አንጋፋዋን "መርፌ" ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው፤ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ አጥንት በመርፌ እየፈለቀቀች ታወጣለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ ተሳስታለች። አዲስ ተቀጣሪ ሳለች፣ ርዝመቱ ክንድ ከማይሞላ እንሽላሊት መሰል እንስሳ ላይ፣ ቀለሙ ተመሳስሎባት፣ የኋላ እግሩን ድንጋይ ነው ብላ ፍቃ ጣለችው። ከቁርጭምጭሚቱ በታች አቧራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያን እግር ሳትናፍቅ የዋለችበት ቀን የለም። ምን ይመስል ነበር?

የዚያው ዝርያ የሌላ እንስሳ ሙሉ እግር አለ፤ ግን ከውቅያኖስ ማዶ ነው። የሚገርመውም ይሄ ነው! እንስሳው የሚኖረው ጥልቀት በሌለው የየብስ ውስጥ ውሃ ነበር፤ ውቅያኖስ የማቋረጥ አቅም የለውም። ሆኖም ቅሪተ አካሉ በሁለቱም ዳርቻ፣ ዕድሜው እኩል በሆነ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። እንዴት ተሻገረ? አልተሻገረም። ያኔ ሁለቱ አህጉሮች አንድ መሬት ነበሩ። ኋላ ተሰነጠቁ፤ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ቀስ እያሉ ተራራቁ፤ በመሀላቸውም ባሕር ገባ።

የማዶው ቤተ መዘክር እግሩ ያልጎደለውን አንዱን ቅሪተ አካል በውሰት ላከ። ሳጥኑ ግን ጉምሩክ ላይ ቆመ። መርፌ ደግሞ ጡረታ የምትወጣው ዓርብ ነው።

"አንቺ መርፌ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ሚሊዮን ዓመት የቆየውን ፍጡር ማኅተም ጎደለው ብለው አሰሩት እኮ!" አላት የቤተ መዘክሩ ሠዓሊ።

"እሱስ መጠበቅ ለምዷል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።"

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሳጥኑ ደረሰ። ጥጡን በሁለት ጣቷ ገለጥ፣ ገለጥ አደረገች። እግሩ አለ! በሐሳቧ ሁልጊዜ የምታስረዝመው መሀለኛውን ጣት ነበር፣ እንደ ራሷ እጅ። ረጅሙ ግን ዳር ያለው አምስተኛው ጣት ነው።

"ለካ እንዲህ ነበርክ" አለች።

"አሁንማ አየነው፤ ያንቺንም በጄሶ እንሙላው?" አለ ሠዓሊው።

"ተው ወንድሜ፣ የሌለኝን አለኝ አልልም።"

ሁለቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን አስጠጋቻቸው። ከዚያ ራሷ በፋቀችው ባዶ ቦታ ላይ፣ ሳትነካው፣ በአየር ላይ በመርፌዋ ጫፍ አምስቱን ጣቶች አንድ በአንድ ሣለች፤ የመጨረሻውን ረዘም አድርጋ።