የዳንኤል ብስክሌት በጋሽ ወልዴ ጋራዥ

ባለፈው ቅዳሜ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ተሰብስበን ስለ ብስክሌት ስንጨቃጨቅ አረፈድን። ከደረጃው ሥር ያለችው የጋራ ዕቃ ቤት ባዶ ሲሊንደር፣ የተሰበረ አልጋና ባለቤቱ የማይታወቅ የቀለም ባልዲ ሞልቶባት ብስክሌት ማስገባትም ማውጣትም አበሳ ሆኗል። የልጄ የሶስና ብስክሌት ከሥር ተቀብሮ ፔዳሉ ተጣሟል። አንዲት ጎረቤታችን በጣም ተናዳ፣ ሰው ሆን ብሎ ነው የሚከምርብኝ ስትል ሁሉም ሳቀባት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

በወጣትነቴ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ጋሽ ወልዴ በሚባሉ ጡረታ በወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ዳንኤልና እኔ። አባታችን ያረፈው ሆሳዕና ከተማ እያለን ነው። እናቴ ሐዋሳ ይዛን የመጣችው አሮጌው ገበያ ቅቤና አይብ የምትነግድ እህቷን ተጠግታ አብራ ለመነገድ ነበር። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ያኔ ደግሞ ከተማውን የሞላው ባጃጅ ገና አልመጣም። ስለዚህ ከግቢው ተከራይ ብስክሌት የሌለው አልነበረም፤ ሁላችንም የምናሳድረውም ጋሽ ወልዴ ለመኪናቸው ባሠሩት ጋራዥ ነው።

ጋራዥ እንበለው እንጂ መኪናው ከተሸጠ ቆይቶ ነበር። የቀረው አሮጌ ጎማ፣ የዘይት በርሜልና ጋሽ ወልዴ አንድ ቀን ይፈለጋል እያሉ የሚያስቀምጡት ብረታ ብረት ነው። በዚያ ላይ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከሁሉም በላይ ቦታ የያዘው ግን ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የሚነግዱት የጎረቤታችን የጋሽ ሸምሱ ሸቀጥ ነው፦ በገመድ የታሰረ ጄሪካን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ። ማታ ቀድሞ የገባ ብስክሌት ከውስጥ ይቀራል፤ ማለዳ ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ከውስጥ የቀረው ነው። በዚህ የተነሳ የማይኮራረፍ ጎረቤት አልነበረም።

የኔ ብስክሌት የዳንኤል ነበር። ዳንኤል አንድ ቀን ጠዋት ቡላ ገንፎውን በልቶ፣ ሥራ ልሂድ ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ መነኸሪያ አጠገብ የሚሠራ አንድ ጎሚስታ ብስክሌቱን እየገፋ መጣና ለእናቴ አስረከባት። ልጅሽ ስጥልኝ ብሎኝ ነው፣ የሞያሌ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል አላት። ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት በዚያ በኩል እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እናቴ አላለቀሰችም። ብስክሌቱን ራሷ ጋራዡ ጥግ አስገባችውና ከዚያ በኋላ ስሙን አንስታ አታውቅም። ከዳንኤልም ደብዳቤ ወይም ስልክ አልመጣም።

በዓመቱ እኔ ሥራ አገኘሁ። የውሃ ቆጣሪ እያነበበ የሚዞር ሰው ይፈለጋል ተባለ፤ የራሱ ብስክሌት ያለው ብቻ። የመጀመሪያው ወር ሙከራ ነው፤ ያረፈደ ይሰናበታል። እኔም ብስክሌቱን ከጥጉ አውጥቼ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቼ፣ ጎማውን አስነፋሁ። እናቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን እየከተፈች ስታየኝ ነበር። ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም ስላላለች ደስ አለኝ።

ወሩ ነሐሴ ነው። የግቢያችን መንገድ ጭቃ፣ በየመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት ጥብስ ጢስ። ማታ ስገባ ብስክሌቴን ሆን ብዬ በር ላይ አቆማለሁ። ጠዋት ስነሳ ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ ፊቱ ላይ የጄሪካን ክምር ተደርድሮበት አገኘዋለሁ። ያንን ሁሉ አንስቼ፣ ልብሴን አቧራ አልብሼ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ፒያሳ ያለው ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ሰዓቱን እያየ ይጠብቀኛል። ነገ ደግሞ ያው ነው። አንድ ቀን፣ ከእንግዲህ ብታረፍድ ተመልሰህ እንዳትመጣ አለኝ። እናቴ ከገበያ የምታመጣት ሳንቲም ለቤት ኪራይም አትደርስም ነበር።

ለጋሽ ወልዴ አመለከትኩ። እሳቸውም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተከራዩን ሁሉ ጋራዡ በር ላይ አቁመው፣ የዚህን ልጅ እንጀራ የሚዘጋበት ማን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ ያለ የለም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አስተካከሉና፣

"እኔ ነኝ። ዕቃው የኔ ነው፤ አጠፋሁ" አሉ።

ግራ ገባኝ። ጋሽ ሸምሱ የሰው ብስክሌት ነክተው የማያውቁ፣ ሸቀጣቸውን ሲያወጡ እንኳ አስፈቅደው የሚያልፉ ሰው ናቸው። ጋሽ ወልዴ ገሠጿቸው፤ እሳቸውም ይቅርታ ብለውኝ ጉልበቴን ሊነኩ ሲያጎነብሱ አፍሬ ከመሃል ያዝኳቸው። ነገሩ በዚያ አለቀ ተባለ።

በነጋታው ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ገና ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። የእናቴ መኝታ ባዶ ነው። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ለማለዳ ጸሎት ስለምትሄድ አልገረመኝም። ስወጣ ግን ጋራዡ ውስጥ ኮሽታ ሰማሁ። እናቴ በሁለት እጇ የጄሪካን እስር ታቅፋ የብስክሌቴ ጎማ ላይ እያስደገፈች ነበር። ብረቱንና ወንበሩን ትታ ለምን ሁልጊዜ ጄሪካን እንደሚከመርብኝ የገባኝ ያኔ ነው። አቅሟ የሚችለው እሱን ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ?"

ጄሪካኑን አላስቀመጠችም። "እሱም ሥራ ልሂድ ብሎኝ ነው የወጣው" አለችኝ።

"እኔ የትም አልሄድም።"

"እሱም የትም አልሄድም ይለኝ ነበር፣ ኤርሚያስ።"

በጣም ተናድጄ ነበር፤ ግን ፊቷን ሳየው ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። እሷም የከመረችውን አንድ በአንድ መልሳ ታነሳ ጀመር። ላግዛት ስል በእጇ ከለከለችኝ። መንገዱን ከፍታ ስትጨርስ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"አትሂድ አልልህም" አለች። "የምትሄድ ቀን ግን ንገረኝ። ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።"

ስወጣ ጋሽ ሸምሱ ከመስጊድ ተመልሰው የግቢውን በር ሲከፍቱ አገኘኋቸው። በዚያ ሰዓት ከግቢው የሚነሱት እሳቸውና እናቴ ብቻ ነበሩ፤ አንዷ ለቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ለሱብሂ ሶላት። ለካስ ሁሉንም ያዩ ነበር። ለምን እኔ ነኝ እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ "ታዲያ እናትህን ሰው ፊት ላቁማት?" አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሥራዬን አላጣሁም። ከዚያን ቀን በኋላ ብስክሌቴ በር ላይ ባቆምኩበት ያድራል። ዳንኤል ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ በጋሽ ወልዴ ስልክ ደወለ። እናቴ ደህና ነህ ወይ እንኳ ሳትለው፣ ለምን አልነገርከኝም አለችው። የሚላትን ስትሰማ ቆየችና ስልኩን ሰጠችኝ። ማታ ራት ላይ፣ "ብነግርሽ አትለቂኝም ነበር አለኝ" አለችኝ፤ ቀጥላም፣ "እውነቱን ነው፤ አልለቀውም ነበር" አለች።

እኔም መሄድ አምሮኝ ያውቃል። ዳንኤል ገንዘብ ልኮልኝ፣ ጓደኞቼ ቀን ቆርጠው፣ ሻንጣ ሁሉ ገዝቼ ነበር። የቀረኝ ለእናቴ መንገር ብቻ ነው። ገበያ ድረስ ሄጄ ከቅቤው ጀርባ ቁጭ ስትል አየኋት፤ ዓይኗን አየሁ፤ ቅቤ ቀምሼ ተመለስኩ። እስክትሞት ድረስ ሐዋሳ ኖርኩ፤ ከሞተች በኋላም የመሄጃ ዕድሜዬ አልፎ ነበር። በዚያ ሁሉ ጄሪካን ያልታሰርኩት ሰውዬ በዚያች ቃል ታሰርኩ። ላመስግናት ወይስ ልቀየማት፣ ይኸው ጠጉሬ ሸብቶም አልቆረጥኩም።

ሰሞኑን ሶስና ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወጥታ ከአጎቷ ከዳንኤል ጋር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ስገባ ወሬ ትቀይራለች። ከስብሰባው ማግስት ብስክሌቷን እያስወጣሁላት፣ ስትሄጂ ንገሪኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ዋጥኩት። ደህና ዋል አባዬ ብላኝ ሄደች።