የትራክተሯ ቅሬ

ባለፈው ሳምንት ውጫሌ መናኸሪያ የሐይቅ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከአጠገቤ ካለች አንዲት የመኪና ኤሌትሪክ መጠገኛ የተቃጠለ የዲናሞ ጥቅል ሽታ መጣ፤ የጋለ መዳብ፣ የቀለጠ ቫርኒሽና የአሮጌ ዘይት ድብልቅ የሆነ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። ሌላው መንገደኛ አፍንጫውን በነጠላው ሸፍኖ አለፈ፤ እኔ ግን ረዳቱ ደጋግሞ እስኪጠራኝ ድረስ ከዚያች በር ፊት ቆሜ ቀረሁ።

በልጅነቴ አባቴ በሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማባት፣ ከተዘጋ የችግኝ ጣቢያ በጨረታ ያገኛት አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረችው። ቁመቷ ከበሬ ትከሻ አይበልጥም፤ ቀይ የነበረው ቀለሟም በፀሐይ ብዛት ገርጥቶ የበሰለ ዘይቱና ውስጥ መስሏል። አንዴ ከተነሣች እስከ ማታ ሳትታክት የምትሠራ ነበረች፤ ችግሯ መነሣቱ ላይ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ከውስጧ የሚሰማው እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው የሚያሰማው ዓይነት ማቃሰት ብቻ ነው። አባቴ በመጀመሪያ ጥፋቱን በባትሪው ላይ አሳብቦ አዲስ ባትሪ ገዛ፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ደከመ። ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋውን ለወጠ፤ ሆኖም ባትሪው አለመሙላቱን የምትናገረው ቀይ መብራት ከመሪው ሥር ቀኑን ሙሉ እንደበራች ዋለች። ስለዚህ ማታ ማታ ከቤታችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ያቆማትና፣ ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ገና ሳይነሣ ወደ ጎረቤት እየተጣራ "ግፉልኝ" ይል ነበር።

ይህን ጥሪ "የትራክተሯ ቅሬ" ብለው የሰየሙት፣ ከቦዩ ማዶ የሚያርሱት ጎረቤታችን አያ ሰይድ ናቸው። ቅሬ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቀብር የሚጠራራበት ማኅበር ነው፤ ክፉኛ የተጣላ ሰው እንኳ ቅሬ ሲጠራ አልወጣም ማለት አይቻለውም። "በየጠዋቱ ሞታ በየጠዋቱ የምትነሣ ሬሳ አይቼ አላውቅም፤ ወላሂ ለዚችስ ቅሬ ይገባታል" አሉ አያ ሰይድ፤ ገፊው ሁሉ በሳቅ ጉልበት አጥቶ ትራክተሯ ለጥቂት ሳትነሣ ልትቀር ነበር። ስሙም በዚያው ጸና።

በአንድ የበጋ ወራት አባቴና አያ ሰይድ በቦዩ ውኃ ተራ ተጣሉ። ማን እንደ በደለ ዛሬም አላውቅም፤ የማውቀው ሰላምታ መቋረጡን፣ እናቴም ወደ ማዶ የምትልከው የቲማቲም ቁና መቅረቱን ነው። ከጠቡ ማግስት አባቴ "ግፉልኝ" ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገር ግን አያ ሰይድ ከሱብሂ ሰላት ተነሥተው፣ የውዱኡ መታጠቢያ ውኃ ከክንዳቸው ሳይደርቅ መጡና፣ "ቅሬ ነው" ብለው የማንንም ፊት ሳያዩ እጃቸውን ከኋላ ጭቃ መከላከያዋ ላይ አሳረፉ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩት በትራክተሯ በኩል ሆነ።

"አንች፣ ለባለቤትሽ ሌላውም ሰው እንደሚጠማ ንገሪልኝ" ይሉ ነበር አያ ሰይድ እየገፉ።

"ተራውን የጠበቀ ሰው ተከልክሎ አያውቅም በይልኝ" ይላል አባቴ ከመቀመጫው፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር።

"ተራ መቁጠርስ ማን አስተማረው? በይው እስቲ።"

አባቴ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሯ ተንጣ ትነሣና ጥቁር ጭሷ ጠያቂንም ተጠያቂንም ይሸፍናቸዋል። እኛ ልጆች ያንን ጠዋት የምንጠብቀው ለግፊያው ሳይሆን ለክርክሩ ነበር፤ ስድቡ ከቀን ወደ ቀን እየለዘበ መምጣቱን፣ በመጨረሻም አያ ሰይድ ስለ ወለደችው ላማቸው ለትራክተሯ ሲያወሯት አባቴ በትከሻው መሳቁን አስታውሳለሁ። ብልሽቱ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ በቀጥታ መነጋገራቸው አይቀርም ነበር ብዬ ዛሬ አስባለሁ።

አባቴ ግን ከተጣላው ሰው ጉልበት መለመኑን አልቻለውም። ከውጫሌ ባለሙያ አስመጣ፤ ሰውየው ዲናሞውን ሲከፍተው ጥቅሉ ከስሎ ተገኘ፤ ያ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ግቢውን ሞላው። ከደሴ ሌላ ዲናሞ መጥቶ ተገጠመ፤ ቺንጋው ተወጠረ፤ ሞተሩ ሲነሣም ቀይዋ መብራት ጠፋች። በማግስቱ አያ ሰይድ ሳይጠሩ፣ ከልማድ የተነሣ ተዳፋቱን ወጥተው እጃቸውን ሊያሳርፉ ሲሉ፣ አባቴ ቁልፉን አዞረ፤ ትራክተሯም ወዲያው ተነሣች። አያ ሰይድ የተዘረጋ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

"እንግዲህ ቅሬው ፈረሰ። አብሽሩ" አሉ ሐዘንተኛ እንደሚያጽናኑ፤ ቦዩንም ተሻግረው ሄዱ።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ እናቴ፣ "አንዷን ሽቦ ንቀላትና ሰዎቹን ጥራ" አለችው።

"ደኅናውን ዕቃ አላበላሽም።"

"የተበላሸውንስ?" አለች።

በዚህ ጉዞዬ ቤት ባደርኩበት ማግስት አባቴን በአንድ የቁልፍ መዞር ትራክተሯን አስነሥቶ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ይገፉ የነበሩት ጎረምሶች ወደየከተማው ተበትነዋል፤ ተዳፋቱ ላይ በብዙ እግር ተረግጦ መላጣ የነበረው መሬት ሣር አብቅሏል። ከቦዩ ማዶ አያ ሰይድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ወደ አትክልት መደባቸው አጎነበሱ። በዚያች አጭር ቀና ማለት ውስጥ፣ በአንድ ቀይ መብራት መጥፋት ከመንደራችን ስንት ሰው እንደ ጎደለ አየሁ። ይነጋገሩ እንደሆነ አባቴን ጠየቅሁት። ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሣም።

"ምን የሚያገናኘን ነገር አለ፣ ልጄ?" አለኝ። "እሷ እንደሆነ በራሷ ትነሣለች።"