ጋሽ ደሳለኝ ያጸዱልኝ መጽሐፍ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የሰማ ሁሉ "ቂም ምን ያደርግልሻል፣ እርሺው" ይለኛል። እኔ ደግሞ እርሺው ሲሉኝ ይብስብኛል። እንደሆነው እንደሆነው እጽፈዋለሁ፣ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

የምሠራው ሮቤ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ጎባ ስለሆነ ጠዋት ስሄድም ማታ ስመለስም ሚኒባስ ውስጥ አነባለሁ። ዘንድሮ ሰው ሁሉ የስኬት መጽሐፍ ይዞ ነው የሚታየው። እኔም ሞክሬ ነበር። "በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥ" የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። ጸሐፊው መጥቶ በጎባ ብርድ በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣና እንየው! የእኔ ነፍስ ወንጀል ነክ ልብ ወለድ ናት። አንድ ሰው ይሞታል፣ ስድስት ሰው ይጠረጠራል፣ እኔም የራሴን ጭንቀት እረሳለሁ።

ይሄን ሱስ ያስያዘኝ ታላቅ ወንድሜ ጀማል ነው፣ አላህ ይርሐመው። መጽሐፍ ሲገኝ መጀመሪያ እሱ ያነባል፣ ከዚያ ለእኔ ያቀብለኛል። እያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግምቱን በእርሳስ ይጽፍልኛል። "ራሂማ፣ ባለ ፋርማሲው ነው። ካልሆነ ስሜን ቀይሪው።" ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ላይ ደግሞ "እንዳትስቂ፣ ተሳስቻለሁ። ሚስትየዋ ናት" ይላል። ከመጽሐፉ ይልቅ የእሱ መሳሳት ነበር የሚያስቀኝ።

ኩላሊቱን ታሞ አልጋ ላይ የያዘው የመጨረሻ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አለው። ከሞተ በኋላ ትራሱ ሥር አገኘሁት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ የእሱ እርሳስ አለበት። በአንድ ጊዜ ማንበብ አልቻልኩም። በጣም ሲናፍቀኝ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፣ ግምቱን አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። በሦስት ዓመት ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ሦስት ቀርቶኝ ቆምኩ። እነዚያ ሦስቱ ካለቁ ጀማል ከዚያ በኋላ የሚነግረኝ ነገር አይኖርም ብዬ ፈራሁ። ስልክ በእጄ እያለ ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም። ሞኝ ነኝ፣ ምን ይደረግ!

አንድ ቀን ቢሮ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ መጽሐፉን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ጋሽ ደሳለኝ መጡ። አባቴ የሚሆኑ፣ ጡረታ የቀረባቸው ሰው ናቸው። ከታሪክና ከሕይወት ታሪክ በቀር አያነቡም፣ ልብ ወለድ ላነበበ ሰው ሁሉ ያዝናሉ።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ራሂማ! እስቲ ይሄን ውሸት እኔም ልየው። ምን አግኝታችሁበት ነው?" አሉኝ።

ታላቅ ሰው ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አልችልም። "ጋሼ፣ የሟች ወንድሜ ነው። አደራ!" ብዬ ሰጠኋቸው። አደራ ያልኩት በቂ መስሎኝ ነበር። ስለ እርሳሱ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

በሁለት ሳምንታቸው አመጡልኝ። በላስቲክ ሸፍነውታል። የተገነጠለውን ጀርባ በፋይል መስፊያ ክር ሰፍተውታል። ፊታቸው በርቷል።

"አደራሽን ጠብቄያለሁ። ደግሞ አንድ ባለጌ በእርሳስ ሞነጫጭሮት ነበር፣ አንድ በአንድ አጽድቼልሻለሁ" አሉኝ።

ገለጥኩት። የምዕራፍ አንድ መጨረሻ ነጭ። ምዕራፍ ስድስት ነጭ። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ነጭ። የላጲሱ ፍርፋሪ መሃሉ ላይ አለ።

"አመሰግናለሁ ጋሼ" አልኩ። ወላሂ፣ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው። ብናገር ይቅርታ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ይቅርታቸውን ምን ላድርገው? ጀማልን አይመልስልኝ! እኔ የፈለግኩት እንደ እኔ እንዲቃጠሉ ነው።

መንገዱን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። "ውሸት ቢሆንም ይጥማል፣ ሌላ የለሽም?" አሉኝ በሳምንቱ። እኔን ሌላ የለሽም ይሉኛል! ቤት ካሉኝ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሣውን መረጥኩ። ምላጭ ገዛሁ። የመጨረሻዎቹን ስምንት ቅጠሎች ከሥራቸው በጥንቃቄ ቆርጬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። መጽሐፉን በፈገግታ ሰጠኋቸው።

በአራተኛው ቀን ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። "ራሂማ ልጄ፣ ይሄ መጽሐፍ እኮ መጨረሻ የለውም!"

"ውይ! እንዴት ሊሆን ይችላል?" አልኩ። "አይ ጋሼ፣ ዋናው ነገር እኮ መጨረሻው ላይ ነው።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ሰውየው መቆሚያ መቀመጫ አጡ። የሮቤ መጽሐፍ አዟሪዎችን ሁሉ ጠየቁ። ጊኒር ላለ ዘመዳቸው ደወሉ። ሲናና ድረስ በባጃጅ ሄደው "አንብቤዋለሁ" ያለ አንድ መምህር ቤት አንኳኩ፣ እሱም ረስቶታል። ምሳ ሰዓት ላይ ከጠረጴዛዬ ጎን እየተቀመጡ "ማሎ ራሂማ፣ ቢያንስ ማን እንደገደላት ንገሪኝ" ብለው ይለምኑኛል። እኔም "በአፍ ሲነገር አይጥምም" እላለሁ። ፖስታው ከእሳቸው ክንድ አንድ እርምጃ ላይ ተቆልፎ ተቀምጧል። አንድ ወር ሙሉ እንደዚህ አደረግኳቸው። ይሄን ሁሉ ሳደርግ ትንሽ እንኳ አላሳዘኑኝም።

በመጨረሻ ያፈነዳኝ አንድ ቃላቸው ነው። አንድ ከሰዓት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው "መጽሐፍ ቆርጦ የሚያበላሽ ሰው እንዴት ያለ ጨካኝ ነው? የሰው ነገር እንዴት ይነካል?" አሉ።

"አንተ!" አልኩ። አባቴ የሚሆኑትን ሰው አንተ አልኳቸው። "አንተ ነህ ጨካኝ! የወንድሜን ጽሑፍ በላጲስ ያጠፋኸው አንተ ነህ! ያ ባለጌ ያልከው ጀማል ነው! ሦስት ምዕራፍ ቀርቶኝ ነበር፣ ምን እንዳለኝ ሳላውቅ ልሞት ነው!" መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታውን አሳየኋቸው። "የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። እየው! አልሰጥህም!"

ጋሽ ደሳለኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"እኛ መዝገብ ቤት እርሳስ ረቂቅ ነው" አሉ። "ፋይል ከመሰፋቱ በፊት በእርሳስ የተጻፈ ሁሉ ይጠፋል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እሱን ነው። አደራ ስትይኝ... ንጹሕ አድርጌ ልመልስልሽ ብዬ እኮ ነው።"

እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። "ስምሽን ሳይ አንድ ጓደኛሽ ተውሶ የቀለደበት መሰለኝ እንጂ ወንድምሽ ነው ብዬ አላሰብኩም። ግን ሳላነብ አጥፍቼ አላውቅም" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"አሥረኛው ላይ ሹፌሩን ጠርጥሮ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ 'ሹፌሩን ተዪው፣ ራሴን አሞኛል፣ ነገ አስብበታለሁ' ይላል። የመጨረሻው ላይ ጽሑፉ ወላልቆ ነበር፣ መነጽር አድርጌ ነው ያነበብኩት።" "'ራሂማ፣ እኔ ደክሞኛል። አንቺ ጨርሺውና ንገሪኝ' ነው የሚለው።"

ያ ረቢ! ሦስት ዓመት ሙሉ ጀማል ጨርሺ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ እሱ ዝም እንዳይለኝ ብዬ ዘጠነኛው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሦስቱን ምዕራፍ አነበብኩ። ገዳዩን አወቅኩት። እናቴ በጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፣ እኔ ጀማል አልጋ ላይ ተቀምጬ የገዳዩን ስም ጮክ ብዬ ነገርኩት። ግድግዳ ነው የሰማኝ።

አንዳንዴ "አንጀቴን ለማራስ ፈጥረው የነገሩኝ ቢሆንስ?" እላለሁ። ገጹን ወደ መስኮት ይዤ የእርሳሱን ምልክት ፈልጌያለሁ፣ ሰውየው ሲያጠፉ የማያስቀሩ ጎበዝ ናቸው፣ ምንም የለም። ግን ጋሽ ደሳለኝ ልብ ወለድ መፍጠር የሚችሉ ሰው አይደሉም። "ራሴን አሞኛል" የሚለውን ጀማል ሁልጊዜ ነበር የሚለው፣ እሱን ከየት ያመጡታል?

ስምንቱ ቅጠሎች ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። አልሰጠኋቸውም። እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠየቁኝም። አንተ ስላልኳቸው ግን እጃቸውን ስሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ያ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? በዚህ ዓለም ላይ የጀማልን የመጨረሻ ቃል ያነበበ እሳቸው ብቻ ናቸው። ደሜ እየፈላ መዝገብ ቤት እወርዳለሁ። ሰላም ሳልል ፊት ለፊታቸው እቀመጥና "ከአሥረኛው ጀምረው ይድገሙልኝ" እላለሁ። ሥራቸውን አቁመው መነጽራቸውን አውልቀው ይደግሙልኛል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል፣ እኔም እስኪጨርሱ አልነሣም። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ይቅር ብያለሁ አላልኳቸውም፣ ቤታቸው የት እንደሆነ ግን ጠይቄ አውቄያለሁ።